ሽፋን ነው የተባለ ማኅበር፤ የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሪዎች ክስ በ1959 እና በ1996 ዓ.ም.

አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር መሪ ለታጣቂዎች ሽፋን ሆኗል ተብሎ ሲከሰስ በአንድ መዝገብ ሁለት ተከሳሾች ይቆማሉ። አንደኛው በችሎቱ ፊት በአካል የቀረበው ሰው ነው። ሁለተኛው በአካል የማይታየው፣ ነገር ግን ማኅተምና መተዳደሪያ ደንብ፣ መዋጮ ከፋይ አባላትና የተጀመረ ትምህርት ቤት ያለው ማኅበሩ ነው። የሰውየው አድራጎት በምስክርና በሰነድ ሊረጋገጥ ወይም ሊስተባበል ይችላል። የማኅበሩ ጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው አይመረመርም፤ በመሪው መታሰር ብቻ እንደ ተረጋገጠ ይቆጠራል፤ አንዳንዴም በመሪው ላይ ፍርድ ሳይሰጥ ቢሮው ይታሸጋል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ክስ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ሥርዓተ መንግሥታት በተመታ አንድ ማኅበር ላይ ነው። የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1959 ዓ.ም. በተጀመረ ክስ ሰበብ ታገደ፤ ከደርግ መውደቅ በኋላ እንደገና ተደራጅቶ በ1996 ዓ.ም. ዳግመኛ ተዘጋ። ስለ ማኅበሩ እስካሁን የተጻፉት ሥራዎች፣ የኦላና ዞጋን «ግዝትና ግዞት» ጨምሮ፣ ባመዛኙ የሚያተኩሩት በማኅበሩ የፖለቲካ ታሪክ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፤ «ሽፋን» የሚለው ክስ በማኅበሩ ላይ እንዲጸና ምን መረጋገጥ ነበረበት? በተጨባጭስ ክሱ የተመሠረተው በምን ላይ ነበር?

ማኅበሩና ስፍራው

መጫና ቱለማ የሁለት ታላላቅ የኦሮሞ ነገዶች ስም ነው። ቱለማ በሸዋ፣ መጫ ከዚያ በስተምዕራብ ሰፍረው ይገኛሉ። ለእንጦጦ አካባቢ ነዋሪ እነዚህ ስሞች የሩቅ ታሪክ አይደሉም። ዛሬ የክፍለ ከተማ መጠሪያ የሆነው ጉለሌ፣ ንጉሥ ምኒልክ ከእንጦጦ ጋራ ወደ ፍልውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ በጋራው ግርጌ ይኖር የነበረ የቱለማ ጎሣ ስም ነው። ይህ ነጥብ ወደ 1996ቱ ክስ ስንደርስ ተመልሶ ይመጣል፤ የዚያ ዘመን ውዝግብ የተነሣው ከዚህችው ከተማ ጉዳይ ነውና።

ማኅበሩ የተቋቋመው በጥር 1955 ዓ.ም. ነው። ሊቀመንበሩ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ሲሆኑ፣ ከመሥራቾቹ መካከል የሕግ ባለሙያው ኃይለ ማርያም ገመዳ ይገኙበታል። ሕጋዊ መሠረቱ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። ሕጉ በቁጥር 404 ማኅበርን ሲተረጉም ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ያልሆነን ዓላማ ለማስፈጸም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሚያደርጉት ኅብረት ነው ይላል። በዚህ ጥላ ሥር የጉራጌ ተወላጆች መንገድ ለማሠራት ያቋቋሙትን ጨምሮ ብዙ የመረዳጃና የልማት ማኅበራት ተመሥርተዋል። መጫና ቱለማም እንደ እነርሱ መዋጮ እየሰበሰበ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መንገድና የጸሎት ቤት ለማሠራት ተንቀሳቀሰ።

እዚህ ላይ ለክሱ ወሳኝ የሆነ አንድ የዘመኑ እውነታ መነሣት አለበት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። ሰዎች በሕግ ተሰባስበው በጋራ ጉዳያቸው ላይ ሊመክሩ የሚችሉት በዕድር፣ በዕቁብ፣ በማኅበርና በመረዳጃ ድርጅት ነበር። ስለዚህ በመረዳጃ ማኅበር ጉባኤ ላይ ስለ መሬት፣ ስለ ቋንቋና ስለ ሹመት አድልዎ መነጋገር ማኅበሩ የሌላ ነገር ሽፋን መሆኑን አያስረዳም። ልብሱ አንድ ብቻ የሆነ ሰው ለሠርግም ለለቅሶም የሚለብሰው ያንኑ ነው፤ በለቅሶ ቤት የታየውን በሠርግ ላይ ለብሶ ቢገኝ ራሱን ደብቋል አይባልም። በዘመኑ የነበሩ ባለሥልጣናት ይህን ልዩነት አላዩም፤ ወይም ለማየት አልፈለጉም።

የጄኔራሉ መግባትና የ1959 ዓ.ም. ክስ

ማኅበሩን ከብዙዎቹ አቻዎቹ የለየው በ1956 ዓ.ም. የብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩ አባል መሆን ነው። ጄኔራሉ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ የነበሩ፣ በመሃይምነት ማጥፊያ ዘመቻ አመራርም ስማቸው የታወቀ ሰው ናቸው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ከእንጦጦ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የኮልፌ ማሠልጠኛ ወታደራዊ ትምህርት ሲከታተሉ የበላይ ኃላፊው እሳቸው ነበሩ፤ ማንዴላም በግለ ታሪካቸው አንሥተዋቸዋል። የመንግሥት ታማኝ ሹም የነበሩ ሰው ወደ ማኅበሩ የገቡት በኦሮሞ ተወላጆች ላይ በትምህርትና በሹመት ይደረግ የነበረውን አድልዎ ከተገነዘቡ በኋላ እንደሆነ የማኅበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

ጄኔራሉ ከገቡ በኋላ ማኅበሩ ከሸዋ ወጥቶ ወደ አርሲ፣ ባሌ፣ ሐረርጌና ወለጋ ተስፋፋ። የአባላቱን ቁጥር በተመለከተ እስከ 300,000 የሚደርስ አኃዝ ይጠቀሳል። አኃዙ ከማኅበሩ ወገን የመጣ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፤ ይሁን እንጂ ሩቡ እንኳ እውነት ቢሆን በዘመኑ ከነበሩት ማኅበራት ሁሉ ግዙፍ ያደርገዋል። በግንቦት 1958 ዓ.ም. በአርሲ ኢተያ የተደረገው ስብሰባ ይህን መስፋፋት በአደባባይ ያሳየ ነበር። በዚህ ጸሐፊ እምነት መንግሥቱን ያስደነገጠው በድብቅ የተደረገ አንዳች ነገር አልነበረም፤ ያስደነገጠው በጠራራ ፀሐይ የታየው ይህ ሕዝብ ነው።

ድንጋጤው ግን ያለ ምክንያት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለፉት ዓመታት ስድስት እንኳ አይሞሉም። በባሌ በዋቆ ጉቱ የሚመራ የትጥቅ እንቅስቃሴ ተቀስቅሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ታጣቂ ኃይል ያዘዘ አንድ ጄኔራል በባሌም ጭምር አባላት ያሉትን ማኅበር ሲመራ ማናቸውም መንግሥት ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ጥያቄ ማንሣትና መልሱን አስቀድሞ መወሰን ግን ይለያያሉ።

በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ ነገሩ ፈነዳ። ጄኔራሉ ሊያዙ መሆኑን ዐውቀው ሸሹ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ተያዙ። በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ በአንድ ሲኒማ ቤት ቦምብ ፈነዳ። የማኅበሩ ንቁ አባል የነበረው መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በዚህ ድርጊት ተከሶ በስቅላት ተቀጣ። ጄኔራል ታደሰ ሞት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ወደ ሐረርጌ ገለምሶም ተጋዙ። ኃይለ ማርያም ገመዳ በእስር ላይ ሳሉ በደረሰባቸው ድብደባ ምክንያት እንደ ሞቱ ይነገራል። ማኅበሩም ታገደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለክሱ የሚያመች እውነት አለ። ቢያንስ ጥቂት የማኅበሩ መሪዎች በመጨረሻ ወደ ኃይል መንገድ ማዘንበላቸውን የማኅበሩ ወዳጅ የሆኑ ጸሐፊዎችም አይክዱም፤ ማሞ መዘምርንና ታደሰ ብሩን የትጥቅ ትግል ፈር ቀዳጆች አድርገው የሚያወድሱም አሉ። አንዱ ወገን በውዳሴ፣ ሌላው በክስ አንድ ዓይነት ታሪክ ይነግሩናል፤ ማኅበሩ ከመጀመሪያው ለትግል የተቋቋመ ድብቅ ድርጅት ነበር የሚል። ሁለቱም ለመዋጮ ከፋዩ አባል ቦታ አይሰጡም። በኢተያ ሜዳ ተቀምጦ ለልጁ ትምህርት ቤት ይሠራለታል ብሎ ብር ያወጣ ገበሬ በክስ መዝገቡም በጀግኖች ታሪክም ውስጥ የለም።

የጊዜ ቅደም ተከተሉም መታየት ያለበት ነው። የጄኔራሉ ሽሽት የመጣው መንግሥት እጁን ከዘረጋ በኋላ ነው። የሲኒማ ቤቱ ቦምብም ከማኅበሩ ምሥረታ አራተኛ ዓመት ግድም የተፈጸመ ነው። ማኅበሩ ሽፋን ሆኖ ተቋቁሟል ለማለት በመጨረሻው ወር የተፈጸመን ድርጊት ወደ መጀመሪያው ቀን መልሶ መጫን ያስፈልጋል። ከዚህ ይልቅ ማስረጃው የሚደግፈው ሌላ አነጋገር ነው፤ በሕጋዊ ማኅበር ውስጥ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ሕጋዊው በር እየጠበበ ሲሄድ ሌላ መንገድ ፈለጉ። በሩ ፈጽሞ ሲዘጋ ደግሞ ሌሎች ተከተሏቸው። ማኅበሩ ከታገደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) ሲመሠረት ከምሥረታው ጋር ስማቸው የሚነሣ ሰዎች በዚህ ማኅበር ዙሪያ ያለፉ ነበሩ። ጄኔራል ታደሰም በአብዮቱ ዋዜማ ተፈተው፣ ከደርግ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው፣ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ተረሸኑ።

የ1996 ዓ.ም. ክስ

ሁለተኛው ክስ ሲመጣ ሁኔታው ተለውጦ ነበር። ፓርቲ ማቋቋም ተፈቅዷል፤ ሕገ መንግሥቱ የመደራጀትን መብት አውቋል። ኦነግም በ1983 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት አካል ሆኖ በዓመቱ በ1984 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በመንግሥት ዓይን የታጠቀ ጠላት ሆኗል። እንደገና የተደራጀው መጫና ቱለማ ደግሞ በሊቀመንበሩ ድሪቢ ደምሴ እየተመራ በባህልና በመረዳጃ ሥራ ላይ ነበር።

የግጭቱ መነሻ የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ መዛወሩ ነው። ማኅበሩ ውሳኔውን በይፋ ተቃወመ፤ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቃውሞ ሰልፍ ጠራ። ፖሊስ ሰልፉን አገደ፤ አባላትም ታሰሩ። በጥር ወር ከእንጦጦ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኦሮሞ ተማሪዎች በዚያው ጉዳይ ተቃውሞ አሰሙ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ተይዘው ብዙዎቹ ከትምህርት ገበታቸው ተባረሩ። በሚያዝያ በዩኒቨርሲቲው የእጅ ቦምብ ጥቃት ደረሰ። በግንቦት የማኅበሩ ሊቀመንበርና ሌሎች የአመራር አባላት ታሰሩ፤ ፖሊስ ከኦነግና ከእጅ ቦምቡ ጥቃት ጋር አያያዛቸው። በዚያው ክረምት የማኅበሩ ፈቃድ ተሠረዘ፤ ቢሮውም ተዘጋ።

በዚህ ስፍራ ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው በሁለቱ እርምጃዎች ምክንያት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በመሪዎቹ ላይ የቀረበው ክስ የኃይል ድርጊትና ከታጠቀ ቡድን ጋር መተባበር ነው። ማኅበሩ የተዘጋበት ምክንያት ግን ከተቋቋመበት ዓላማ ውጭ በፖለቲካ ሥራ ተሰማርቷል የሚል ነው። የመጀመሪያው ከባድ ወንጀል በመሆኑ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው አስተዳደራዊ ጥፋት ነው፤ ለማስረዳትም ማኅበሩ በአደባባይ ያወጣውን መግለጫና የጠራውን ሰልፍ ማሳየት ብቻ ይበቃል። በሕዝብ ዘንድ ግን ሁለቱ አንድ ሆነው ተሰሙ፤ ማኅበሩ የተዘጋው «የኦነግ ሽፋን ስለሆነ» ነው ተባለ። እንዲህ በማድረግ ቀላሉ ማስረጃ የከባዱን ክስ ክብደት ተሸከመ። መሪዎቹ ከእስር ወደ ዋስ፣ ከዋስም ወደ እስር ሲመላለሱ የማኅበሩ ዕጣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አልጠበቀም።

ሌላም አለ። በሰኔ 1997 ዓ.ም.፣ ከግንቦቱ ምርጫ በኋላ፣ የክልሉ ዋና ከተማ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ። ማኅበሩ ለመጠየቅ ሰልፍ የጠራበት ነገር በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የመንግሥት ውሳኔ ሆነ፤ ጠያቂው ማኅበር ግን እንደተዘጋ ነበር።

ሕጉ ምን ይጠይቃል?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 34 የሕግ ሰውነት የተሰጠው ድርጅት መቼ በወንጀል እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። ድርጅቱ ጥፋተኛ የሚባለው ከኃላፊዎቹ ወይም ከሠራተኞቹ አንዱ ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ ሁኔታ ወንጀል ሲፈጽም ነው፤ ይህም የድርጅቱን ጥቅም በሕገ ወጥ መንገድ ለማራመድ በማሰብ፣ ወይም የድርጅቱን ሕጋዊ ግዴታ በመጣስ፣ ወይም ድርጅቱን ያለ አግባብ በመሣሪያነት በመጠቀም የተፈጸመ እንደሆነ ነው። የመጨረሻው ሐረግ «ሽፋን» የሚለውን የአደባባይ ቃል በሕግ ቋንቋ የተካ ነው። ሕጉ ሁለቱ ክሶች በተነሡበት ቀን ገና አልጸናም ነበር፤ ስለዚህ እዚህ የምንጠቀምበት እንደ መመርመሪያ መስፈርት እንጂ ያለፈውን ለመፍረድ አይደለም።

በዚህ መስፈርት መሠረት የመሪው ማንነትም ሆነ የግል እምነቱ ብቻውን አይበቃም። ድርጊቱ ከማኅበሩ ሥራ ጋር መያያዝ አለበት። ይህን የሚያሳየው የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ የገቢና የወጪ ደረሰኝ፣ የባንክ ሒሳብ እና የንብረት መዝገብ ነው። ቦምቡ የተገዛው ከመዋጮው ነው? የሥራ አስፈጻሚው ተሰብስቦ ወስኗል? የማኅበሩ ቢሮ፣ መኪና ወይም ማኅተም ለድርጊቱ አገልግሏል? በ1959ኙ ጉዳይ በስፋት የሚተረከው የግለሰቦች ግንኙነት፣ ሽሽትና ንግግር ነው። በ1996ቱም እንዲሁ። የማኅበሩ ገንዘብ ወደ መሣሪያ መለወጡን የሚያሳይ ሰነድ በሁለቱም ክርክሮች መሃል ሆኖ አናገኘውም።

ተቃራኒ ምሳሌ ቢነሣ ነጥቡ ይበልጥ ይጠራል። በ1970 ዓ.ም. የተቋቋመው ማኅበረ ረድኤት ትግራይ (ማረት) ከሕወሓት የወጣ የእርዳታ ክንፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህም ሆኖ በ1977ቱ ረኃብ ዘመን በሱዳን በኩል እህል እያስገባ ሕዝብ መመገቡም እውነት ነው። በ2002 ዓ.ም. ቢቢሲ የቀድሞ የሕወሓት አመራሮችን፣ ከእነርሱም አረጋዊ በርሄን ጠቅሶ፣ በዚያ ረኃብ ወቅት ከገባው የእርዳታ ገንዘብ አብዛኛው ለጦር መሣሪያና ለድርጅቱ ሥራ እንደ ዋለ ዘገበ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ግን የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለመሣሪያ እንደ ዋለ የሚያስመስል አቀራረብ መጠቀሙን፣ ለዚያም ማስረጃ እንዳልነበረው አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ማኅበሩ የማን እንደሆነ በማያከራክርበት ጉዳይ እንኳ ከአንድ የተወሰነ ሰጪ የወጣ ብር የት እንደ ገባ ማሳየት ይህን ያህል አስቸጋሪ ነው። ከዚህ አንጻር መጫና ቱለማ ላይ ክሱ የጸናው እጅግ ባነሰ ድካም ነው።

ከውጭ አገር ልምድ የብሪታንያው ኢንተርፓል ይጠቀሳል። ለፍልስጤማውያን እርዳታ የሚሰበስበው ይህ ድርጅት የሐማስ ሽፋን ነው ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት በ2003 እ.ኤ.አ. በአሸባሪነት መዝገብ ሰፈረ። የአገሩ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ግን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሒሳቡንና አሠራሩን መረመረ። በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ክሱን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ሆኖም ድርጅቱ በአጋሮቹ ላይ ያደረገው ቁጥጥር ደካማ መሆኑን ነቅፎ ከአንድ የእርዳታ ኅብረት እንዲወጣ አዘዘ። ውጤቱ ሁሉንም ወገን አላረካም። ከእኛ ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር ግን የሚታየው የአካሄድ ልዩነት ነው፤ መርማሪው የተቋሙን ሰነድ ከሰዎቹ ማንነት ለይቶ ተመለከተ፤ በመዝጋትና በዝምታ መካከል ያለውን ሰፊ ቦታም ተጠቀመበት።

በአገራችን የሕግ ማዕቀፉ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተገለባብጧል። በ2001 ዓ.ም. የወጡት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 እና የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የማኅበራትን መንገድ አጠበቡ። ኦነግም በሰኔ 2003 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አሸባሪ ተብሎ ተሰየመ፤ ስያሜው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ከግንባሩ ጋር አንዳች ንክኪ ነበረው የተባለ ማኅበር ሁሉ የክሱ ክብደት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በኋላ የመጡት አዋጆች፣ 1113/2011 እና 1176/2012፣ ብዙውን ክልከላ አላልተዋል። የኋለኛው ለአሸባሪ ድርጅት ድጋፍ መስጠትን በሚከለክለው ድንጋጌው ውስጥ ሰብአዊ እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች ሥራቸውን ለመፈጸም ብቻ የሚያደርጉት ድጋፍ እንደማያስቀጣ ይገልጻል።

ይህ ጥበቃ እህል ለሚያድል፣ ቁስለኛ ለሚያክም ድርጅት የተሰፋ ነው። መጫና ቱለማ ግን በ1959ም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የተከሰሰው ለታጣቂ ስንቅ አቀበለ ተብሎ አልነበረም። በሁለቱም ጊዜ ዓይን ውስጥ የገባው ሰዎችን ሰብስቦ በማነጋገሩ፣ በኢተያ ሜዳ እና በአዲስ አበባ አደባባይ ነው። ያ ማኅበር ዛሬ በዚያው ክስ ቢቀርብ የሰብአዊ እርዳታው ድንጋጌ አይደርስለትም፤ የሚከላከልለት ነገር ቢኖር አንቀጽ 34 የሚጠይቀው ማስረጃ፣ ማለትም ደረሰኙና ቃለ ጉባኤው ተከፍቶ እንዲነበብ የሚያዝዝ ዳኛ ነው።